ሾርትስቶፕ፦ ኳሷ ከመመታቷ በፊት የሚጀመር ሥራ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ከቤዝቦል ጋር የሚተዋወቁት አብዛኛውን ጊዜ በልጃቸው የቆዳ ጓንት በኩል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ይመለከታሉ፤ ጎል የለም፣ የሚሮጠው ጥቂት ነው፣ የሚበዛው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ልጁ «ሾርትስቶፕ ተደረግሁ» ብሎ ሲፈነድቅ፣ ምኑ እንዳስደሰተው አይገባቸውም። ልጁ ግን እውነቱን ነው። አሠልጣኞች ያንን ቦታ የሚሰጡት በቡድኑ ውስጥ እጁ፣ እግሩና አእምሮው እኩል ለሚሠራለት ልጅ ነው።

ይህ ጽሑፍ ቦታው ምን እንደሚጠይቅ፣ ሰው በዚያ ቦታ እንዴት እንጀራውን እንደሚያገኝና ቦታው ሰውየውን መቼ እንደሚያሰናብተው ያስረዳል። ለማሳያነት የተመረጠው ከ1981 እስከ 2001 ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ብቻ የተጫወተው ካል ሪፕከን ጁኒየር ነው። ለቦታው አይመጥንም የተባለ ሰው ስለነበረ፣ ቦታው በእርግጥ የሚፈልገውን ነገር ከእሱ ታሪክ መረዳት ይቀላል። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሾርትስቶፕ የሚቆመው የት ነው?

ሜዳው ውስጥ እያንዳንዱ ጎኑ 27.4 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አለ። በአንደኛው ማዕዘን መቺው ዱላውን ይዞ ይቆማል። የቀሩት ሦስት ማዕዘኖች ቤዝ ይባላሉ፤ ከመቺው በስተቀኝ አንደኛው፣ ፊት ለፊት ሁለተኛው፣ በስተግራ ሦስተኛው። ወርዋሪው መሀል ላይ ካለች ጉብታ፣ ከ18 ሜትር ከፍ ከሚል ርቀት ኳሷን ወደ መቺው ይልካል። መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት ከመታት ዱላውን ጥሎ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሮጣል። ተከላካዮቹ ኳሷን አንስተው ከእሱ ቀድመው ወደዚያ ካደረሷት መቺው ለዚያ ተራ ይወጣል። ሦስት ሰው ሲወጣባቸው መቺዎቹ ተከላካይ፣ ተከላካዮቹ መቺ ይሆናሉ። ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ የመቱበት ዙር ኢኒንግ ይባላል፤ መደበኛው ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ አለው።

ሾርትስቶፕ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ ነው። የራሱ የሆነ ቤዝ የለውም፤ ክፍተት ጠባቂ ነው። ክፍተቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከመቺዎች የሚበዙት ቀኝ እጆች ናቸው፤ ቀኝ እጅ መቺ በሙሉ ኃይሉ ሲመታ ኳሷ ወደ ሜዳው ግራ ክፍል ታደላለች። ስለዚህ መሬት ለመሬት የሚመጣው ኳስ በብዛት የሚያርፈው በእሱ በኩል ነው። ያነሳትን ኳስ የሚልክበት አንደኛው ቤዝ ግን ከሜዳው ማዶ ነው።

ጊዜውን እናስላ። መካከለኛ ፍጥነት ያለው ቀኝ እጅ መቺ አንደኛው ቤዝ ለመድረስ 4.3 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። በደንብ የተመታች ኳስ ከዱላው የምትነሳው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው፤ የነካካችው ጠጠር ደግሞ አቅጣጫዋን ሊያስቀይራት ይችላል። ሾርትስቶፑ በዚያች አራት ሰከንድ ውስጥ ወደ ኳሷ ይንቀሳቀሳል፣ ጎንበስ ይላል፣ በግራ እጁ ጓንት ይይዛታል፣ ወደ ቀኝ እጁ ያሸጋግራታል፣ እግሩን ያስተካክልና ከ30 ሜትር በላይ አሻግሮ በጓደኛው ደረት ልክ ይወረውራታል። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብትንሸራተትበት ሯጩ ደርሷል።

በዚህ ደረጃ ግራ እጅ ሾርትስቶፕ የማይታየውም ለዚሁ ነው። ግራ እጅ ሰው ወደ አንደኛው ቤዝ ለመወርወር ሰውነቱን ማዞር አለበት፤ ያቺ መዞሪያ ቅጽበት ደግሞ ከአራቱ ሰከንድ ላይ የምትቀነስ ናት።

ሥራው በዚህ አያበቃም። አንደኛው ቤዝ ላይ የተጋጣሚ ሯጭ እያለ ኳሷ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ተከላካይ ከተመታች፣ ሾርትስቶፑ ሮጦ ሁለተኛውን ቤዝ ይረግጣል፣ ኳሷን ይቀበላል፣ ወደ እግሩ ተንሸራትቶ የሚመጣውን ሰው እየዘለለ ወደ አንደኛው ቤዝ ይወረውራል። ሁለት ሰው በአንድ ምት ወጣ ማለት ነው። ሯጮች ሆን ብለው ተከላካዩን እንዳይጥሉ የሚገድበው ሕግ የጠበቀው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ቅጽበት ጉልበቱ የተጎዳ ተጫዋች ጥቂት አልነበረም።

ታዲያ የሚመረጠው ፈጣኑ ሰው ነው?

ለረጅም ጊዜ እንዲያ ይታመን ነበር። ሾርትስቶፕ ቀጠን፣ አጠር፣ ቀልጠፍ ያለ መሆን አለበት፤ ባይመታም ግድ የለም ይባል ነበር። የዚህ ዓይነቱ ተጫዋች ቁንጮ በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ስሙን የተከለው ኦዚ ስሚዝ ነው። ለየቦታው ምርጥ ተከላካይ በየዓመቱ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት 13 ጊዜ አግኝቷል፤ ወደ ሜዳ ሲገባም በአየር ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ መቆም ይወድ ነበር።

ሪፕከን ግን 1.93 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከ90 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በሩጫ የማይታማ ሳይሆን በሩጫ የሚታማ ሰው ነበር። በትምህርት ቤት ሳለ ብዙ ክለቦች ያዩት በወርዋሪነቱ ነበር። ኦሪዮልስም ሲያስገባው ሦስተኛው ቤዝ ላይ አቁሞት ነበር። አሠልጣኙ ኧርል ዊቨር በሐምሌ 1982 መጀመሪያ ወደ ሾርትስቶፕ ሲያዛውረው፣ አብዛኛው ሰው ለጥቂት ጊዜ መሸፈኛ ነው ብሎ አስቦ ነበር።

ሪፕከን የጎደለውን ፍጥነት በአቋቋም ተካው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ የሚለው ተቀባይ፣ የሚቀጥለው ውርወራ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ለወርዋሪው በጣቶቹ ምልክት ይሰጣል። ሾርትስቶፕ ከቆመበት ሆኖ ያንን ምልክት ያያል። ፈጣን ኳስ ወደ ውጪኛው ጠርዝ ከታዘዘ፣ ቀኝ እጁ መቺ ሊዘገይና ኳሷን ወደ ቀኝ ሊልካት ይችላል። ዘገምተኛ ኳስ ከታዘዘ ደግሞ መቺው ቀድሞ ይወዛወዝና ወደ ግራ ይስባታል። በዚህ ላይ የመቺውን ልማድ፣ የወርዋሪውን የዕለቱን ጉልበት፣ የሣሩን እርጥበት ይጨምሩበት። ሪፕከን ይህን ሁሉ አስልቶ ኳሷ ከመወርወሯ በፊት አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ይዛወር ነበር። ጎበዝ ግብ ጠባቂ የፍጹም ቅጣት ምት መቺውን አመጣጥ አይቶ ክብደቱን ወደ አንድ እግሩ እንደሚያደላ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሾርትስቶፕ ይህን በአንድ ምሽት ከመቶ ጊዜ በላይ ማድረጉ ነው። እርምጃውን ከመጠን በላይ ካስቀደመ ደግሞ መቺው የሚመጣውን ኳስ ዓይነት ያውቅበታል፤ ስለዚህ ወርዋሪው እጁን ማንሳት እስኪጀምር ድረስ መታገሥ አለበት።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ1984 ኳስ አንስቶ በመወርወር 583 ጊዜ ሰው በማስወጣት አግዟል፤ ይህም ከታላቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ ለሾርትስቶፕ ክብረ ወሰን ነው። በ1990 ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበበት ስህተት ሦስት ብቻ ነበር። ተመልካቹ ግን እየዘለለና እየተንከባለለ ሲይዝ ስለማያየው ለዓመታት እንደ ተራ ተከላካይ ነበር የሚቆጥረው። ሲመስለኝ ይህ የቤዝቦል ትልቁ ግፍ ነው፤ ከኳሷ ፊት ለፊት ቀድሞ ቆሞ የጠበቀ ሰው ምንም የሠራ አይመስልም፣ ዘግይቶ የተወረወረባት ጭብጨባውን ይወስዳል።

ዛሬ የጣት ምልክቱን ድምፅ በሚያስተላልፍ መሣሪያ ተክተውታል። ከ2022 ጀምሮ ተቀባዩ ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙ በወርዋሪው ባርኔጣ ውስጥ ይሰማል፤ ሾርትስቶፑም አብሮ ማዳመጥ ይፈቀድለታል። በ2023 ደግሞ ከአራቱ የውስጥ ተከላካዮች ሁለቱ በሁለተኛው ቤዝ ግራ፣ ሁለቱ በቀኝ እንዲቆሙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት ክለቦች ኮምፒውተር ባወጣው ስሌት ሦስቱን በአንድ ጎን ይደረድሩ ነበር። አሁን ሾርትስቶፑ ክፍተቱን የሚዘጋለት ሦስተኛ ሰው ስለሌለ፣ የእግሩ ስፋትና የግምቱ ትክክለኛነት እንደገና ዋጋ አግኝቷል።

እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

ለአሜሪካዊ ወጣት ዋናው በር ድራፍት የሚባለው ዓመታዊ ምርጫ ነው፤ ክለቦች በተራ እየተነሱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ ተጫዋች ይመርጣሉ። ሪፕከን የተመረጠው በ1978 በሁለተኛው ዙር፣ በጠቅላላው 48ኛ ሆኖ ነው። አባቱ በዚያው ክለብ ውስጥ አሠልጣኝ ስለነበሩ ልጅነቱ ያለፈው በትንንሽ ከተሞች ሜዳዎች ዙሪያ ነው።

በድራፍት መመረጥ ግን ወደ ታላቁ ሊግ፣ ማለትም ወደ ከፍተኛው ውድድር፣ መግባት አይደለም። ከታች በደረጃ የተደረደሩ ማይነር ሊግ የሚባሉ ውድድሮች አሉ፤ ወጣቱ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየተንከራተተ፣ በትንሽ ደመወዝ፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ከተመረጡት መካከል የሚበዙት እዚያው ቀልጠው ይቀራሉ።

የዚያን ኑሮ አንድ ምሽት ያሳየናል። በሚያዝያ 18 ቀን 1981፣ በምዕራባውያን የትንሣኤ ዋዜማ፣ ሪፕከን የሚጫወትበት የማይነር ሊግ ቡድን ሮቸስተር፣ በሮድ አይላንድ ግዛት የፖተኬትን ቡድን ገጠመ። በቤዝቦል አቻ ውጤት ስለሌለ አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጠላል፤ ያን ሌሊት አሸናፊ አልተገኘም። ብርዱ ከመክፋቱ የተነሳ ተጫዋቾቹ የተሰበሩ ዱላዎችን እያነደዱ ሞቁ። 32 ኢኒንግ ተጫውተው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ጨዋታው ሲቋረጥ የቀረው ተመልካች 19 ሰው ብቻ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው በ18 ደቂቃ ጨረሱት። በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ገና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ይቆም የነበረው የ20 ዓመቱ ሪፕከን 13 ጊዜ ለመምታት ሞክሮ ሁለቴ ተሳካለት፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ታላቁ ሊግ ውስጥ ነበር።

ማይነር ሊግ ተሳስቶ የመማሪያ ሥፍራም ነው። የኒውዮርክ ያንኪስ ሾርትስቶፕ የነበረው ዴሪክ ጂተር በ1993 በግሪንስቦሮ ሳለ በአንድ የውድድር ዘመን 56 ስህተት ተመዝግቦበታል። ክለቡ ግን ታገሠው፤ በ2020 የቤዝቦል ታላላቆች ለሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ሲመረጥ ከ397 መራጮች 396ቱ ድምፅ ሰጡት።

ሌላው መንገድ በካሪቢያን በኩል ያልፋል። የዶሚኒካን ሪፐብሊክና የቬኔዝዌላ ልጆች ድራፍት ውስጥ ስለማይገቡ ከ16 ዓመታቸው አካባቢ ጀምሮ በቀጥታ ይፈርማሉ። በሸንኮራ አገዳ ፋብሪካዎቿ የምትታወቀው የዶሚኒካኗ ሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ ሾርትስቶፕ በማፍራት ስሟ የገነነ ከተማ ናት።

ገንዘቡስ?

በታላቁ ሊግ ዝቅተኛው ዓመታዊ ደመወዝ በ2026 ዓ.ም. 780,000 ዶላር ነው። ከውጭ ሲታይ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ተጫዋቹ የሚደራደርበት ጉልበት የለውም፣ ክለቡ የሚለውን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ካልተስማሙ ጉዳዩን ገለልተኛ ዳኞች ያዩታል። ወደፈለገበት ክለብ የመሄድ ነጻነት የሚያገኘው ስድስት ዓመት ሙሉ ካገለገለ በኋላ ነው።

የዕድሜ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ21 ዓመቱ የጀመረ በ27 ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሳይደክም ገበያ ይወጣል። በ26 የጀመረ ነጻ የሚሆነው በ32 ነው፤ በዚያ ዕድሜ ለሾርትስቶፕ ረጅም ውል የሚሰጥ ክለብ ጥቂት ነው። ቀድመው የደረሱት ግን ያፍሱታል፦ አሌክስ ሮድሪጌዝ በ2000 መጨረሻ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር የ10 ዓመት 252 ሚሊዮን ዶላር፣ ፍራንሲስኮ ሊንዶር በ2021 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የ10 ዓመት 341 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርመዋል። በዚያ ቦታ መከላከል የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ መከላከልም መምታትም የሚችል ደግሞ ከጥቂቱ ጥቂት ነው። ዋጋው የሚንረው ለዚህ ነው።

2,632 ተከታታይ ጨዋታ ምኑ ይደንቃል?

ሪፕከን በአሜሪካ የሚታወቀው በዚህ ቁጥር ነው። ከግንቦት 30 ቀን 1982 ጀምሮ ከ16 ዓመት በላይ አንድም ጨዋታ አላመለጠውም። አንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ አለው፤ ያ ሁሉ የሚጠናቀቀው በስድስት ወር ውስጥ ስለሆነ በየዕለቱ መጫወት የተለመደ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የያንኪሱ ሉ ጌሪግ 2,130 ነበር። ጌሪግ ያቆመው በ1939፣ በኋላ በስሙ የተጠራው የነርቭ በሽታ ሲጥለው ነው፤ ይቆምበት የነበረው አንደኛው ቤዝ ደግሞ ከሾርትስቶፕ ጋር ሲነጻጸር የሩጫ ጫናው ቀላል ነው።

ብዙዎች ይህን ግትርነት አድርገው ያዩታል። ምቱ ሲደክም፣ ለራሱ ቁጥር ሲል ቡድኑን ይጎዳል የሚሉ ነበሩ። በ1993 ከሲያትል ጋር በተነሳ ግብግብ ጉልበቱ ተጠማዝዞ በማግሥቱ መጫወቱ አጠራጥሮ ነበር፤ ተጫወተ። በ1996 የኮከቦች ቡድን ፎቶ ሲነሳ የአንድ ባልደረባው ክርን ሳያስበው አፍንጫውን ሰበረው፤ ያን ምሽትም ተጫወተ። ፎቶ ሲነሳ ከቆሰለው ይልቅ በሜዳ ላይ የቆሰለው ማነሱ ያስቃል፤ ግን ነገሩን የሚገልጸውም እሱ ነው። እንደ እኔ ግምት ቁጥሩ የግትርነት ብቻ አይደለም። ቀድሞ ቦታውን የያዘ ሰው አይወረወርም፣ ጅማቱን አይበጥስም፣ ከሯጭ ጋር አይላተምም።

ክብረ ወሰኑ የተሰበረው በመስከረም 6 ቀን 1995 ባልቲሞር ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ተጫዋቾች በገንዘብ ክርክር ሥራ አቁመው የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ተሰርዞ ስለነበር ተመልካቹ ተቀይሟል። ያን ምሽት ሪፕከን ኳሷን ከሜዳው አጥር አሳልፎ መታ። አምስተኛው ኢኒንግ ተጋምሶ ጨዋታው በሕግ የተቆጠረ ሲሆን፣ ከቀኙ የሜዳ ክፍል ጀርባ ባለው አሮጌ የጡብ መጋዘን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቁጥር ወደ 2,131 ተቀየረ። ጭብጨባው 22 ደቂቃ ቆየ። ሪፕከን ከተቀመጠበት ብቅ እያለ እጅ ቢነሳም ሰዉ አልተወውም፤ በመጨረሻ ሁለት ባልደረቦቹ ገፍተው አስወጡትና ሜዳውን እየዞረ በአጥሩ ላይ የተዘረጉትን እጆች ጨበጠ።

ሾርትስቶፕ ሥራውን የሚያጣው እንዴት ነው?

ብዙውን ጊዜ ከሥራ ሳይባረር ቦታውን ብቻ ያጣል። እግሩ ግማሽ እርምጃ ሲዘገይ ወይም ክንዱ ሲደክም፣ ብዙም መሮጥ ወደማይጠየቅበት ይዛወራል። የቺካጎ ከብሱ ኧርኒ ባንክስ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄደ። የሚልዋኪው ሮቢን ዮንት ትከሻው ሲጎዳ ወደ ውጪኛው ሜዳ ወጣ። ሮድሪጌዝ በ2004 ያንኪስ ሲገባ ለጂተር ቦታውን ለቆ ሦስተኛውን ቤዝ ያዘ። ጂተር ራሱ በ2014 በ40 ዓመቱ እስኪያቆም ድረስ አልተነቃነቀም፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ ኳስ በአጠገቡ ያልፍ እንደነበር የሚያሰሉ ሰዎች ሳይታክቱ ጽፈውበታል።

ሪፕከንን በ1996 ለስድስት ጨዋታ ሞከሩት፤ በ1997 ሙሉ በሙሉ ወደ ሦስተኛው ቤዝ አዛወሩት። ተከታታይ ጨዋታውን ያቆመው ግን ራሱ ነው፤ በመስከረም 20 ቀን 1998 ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ወደ አሠልጣኙ ገብቶ ዛሬ አልሰለፍም አለ። ተጋጣሚዎቹ ያንኪሶች ነገሩ ሲገባቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁለት።

በ2001 ሊሰናበት ሲል ሲያትል ላይ በተካሄደው የኮከቦች ጨዋታ ለሾርትስቶፕ የተመረጠው ሮድሪጌዝ፣ ሪፕከንን ከሦስተኛው ቤዝ ወደ ራሱ ቦታ ገፋው፤ የ40 ዓመቱ ሰው ለአንድ ኢኒንግ በድሮ ቦታው ቆመ። በዚያው ምሽት ኳሷን ከአጥር አሳለፈ። በ2007 ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ የዝና አዳራሽ ውስጥ ገባ፤ በ2024 ኦሪዮልስን ከገዙት ባለሀብቶች ጋር ተደርቦ የክለቡ የጋራ ባለቤት ሆነ።

ዛሬ ባልቲሞር ላይ በዚያ ክፍተት የሚቆመው ገነር ሄንደርሰን ሪፕከን ጨዋታ ባቆመበት በ2001 የተወለደ ነው። እሱም ረጅም ነው፤ እሱም በድራፍቱ በሁለተኛው ዙር ተመረጠ፣ በ2023ም ሪፕከን በ1982 እንዳደረገው የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። በ2024 ደግሞ 37 ጊዜ ከአጥር አሳልፎ በመምታት፣ በክለቡ ሾርትስቶፖች ዘንድ ሪፕከን በ1991 ያስመዘገበውን 34 አለፈ።